በየትኛው ጉልበት ወደቀ?

የጋሼ ዘውዱን ማረፍ የሰማሁት በሁለት ክፍለ ጊዜዎች መካከል፣ ኦስሎ ውስጥ ስቶቭነር በሚባለው ሰፈር በሚገኘው ትምህርት ቤታችን የመምህራን ክፍል ውስጥ ቆሜ ነው። የደወሉልኝ ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ናቸው። አላለቀሱም። «ዛሬ ጠዋት አርፏል። ከሌላ ሰው ከምትሰሚ ራሴ ልንገርሽ ብዬ ነው» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ያ ወረቀት አንቺ ጋ ነው አይደል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«እኔ ጋ ነው እትዬ።»

«ጥሩ። እንዳይጠፋ» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ለቅሶ ቤት ሁሉም ሰው ስለ ትሕትናቸው አወራ። ሆስፒታል ውስጥ ሠላሳ ዓመት ገደማ በሽተኛ የተኛበትን አልጋ ከክፍል ወደ ክፍል ሲገፉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ እዚህ አገር ሥራው ፖርተር ይባላል። አንድም ቀን ከሰው ጋር ተጋጭተው አያውቁም ተባለ። ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ የሰማ የለም ተባለ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ግራ ገባኝ። የማውቃቸው ጋሼ ዘውዱ ጠረጴዛ የሚደበድቡ፣ ከሶፋ ተነስተው ቴሌቪዥን ላይ የሚጮኹ፣ «ይሄ ጥሪ ነው? ይሄ ወንጀል ነው!» የሚሉ ሰው ነበሩ። ሌላ ሰው ቤት የተቀመጥኩ መሰለኝ።

እንዲህ ያደርጋቸው የነበረው የአሜሪካ ፉትቦል ነው፤ ያውም የኮሌጆቹ። ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። አሥራ አንድ ሰው ያጠቃል፣ አሥራ አንድ ሰው ይከላከላል። አጥቂው አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ በአራቱ አሥር ያርድ፣ ዘጠኝ ሜትር ገደማ፣ ወደፊት ካልሄደ ኳሱን ያስረክባል። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ጨዋታው ይቆማል፤ ያን ጊዜ አንድ ሰው ከሜዳው ጠርዝ ሆኖ፣ አስቀድሞ በወረቀት ከተነደፉት እንቅስቃሴዎች አንዱን ይመርጣል። ይሄ ምርጫ ጥሪ ይባላል። ስለዚህ ክርክሩ ሁለት ዓይነት ነው፤ ንድፉ ጥሩ ነው ወይ? ጥሪውስ በሰዓቱ ነው ወይ? ጋሼ ዘውዱ በሁለቱም ይከራከሩ ነበር። የቆሙት በየትኛው ወገን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

የተዋወቅነው ከአራት ዓመት በፊት ነው። የመምህርነት ትምህርቴን ልጨርስ አንድ ዓመት ቀርቶኝ ነበር። አንዲት የክፍል ጓደኛዬ እዚህ ኦስሎ ያለ የተማሪዎች ፉትቦል ቡድን ጋ ወሰደችኝ፤ አሰልጣኙ የሚወደው መከላከሉን ብቻ ስለነበር፣ ማስታወሻ በሥርዓት መያዜን አይቶ ማጥቃቱን ለእኔ ተወው። አንድ እሁድ ጉባኤያችን በሚከራየው አዳራሽ ከአምልኮ በኋላ ምግብ እስኪቀርብ፣ በፕሮግራሙ ወረቀት ጀርባ ላይ ንድፍ እየሳልኩ ነበር። ሰላምታ ብቻ የምንለዋወጥ አንድ ሽማግሌ ሳህናቸውን ይዘው ከኋላዬ ቆሙ።

«ግራ ታክልሽ ማንን ነው የሚያግደው?» አሉኝ።

ዞሬ አየኋቸው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ታክል ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከኳስ አከፋፋዩ፣ ከኳርተርባኩ ፊት አምስት ግዙፍ ሰዎች ይሰለፋሉ፤ የግራው ዳር ሰው ግራ ታክል ይባላል። ኳስ መያዝ አይፈቀድለትም። ሥራው ሰው ማገድ ብቻ ነው።

«ይሄንን» ብዬ በጣቴ አሳየኋቸው።

«እሱማ ቀድሞ ገብቷል። ኳርተርባክሽ አሁን ሆስፒታል ነው። አልጋውን እኔ ነኝ የምገፋው» ብለው ሄዱ።

በሚቀጥለው እሁድ ትሮስተሩድ ያለው ቤታቸው ምሳ ተጋበዝኩ። ከዚያ ወዲያ በመኸር ወቅት እሁድ ሁሉ እዚያው ነበርኩ። ሥርዓቱ የማይለወጥ ነው። የኮሌጆቹ ጨዋታ ቅዳሜ ሲካሄድ ይቀዱታል፤ የምናየው እሁድ ከአምልኮ በኋላ ነው። እስከዚያ ውጤት ማወቅ ክልክል ነው። ስልኬን ቅዳሜ አጠፋለሁ፤ ሰኞ ጠዋት የማላውቃቸው መልእክቶች ይጠብቁኛል። አንድ ጊዜ ከጉባኤው አንድ ወጣት «ጋሼ፣ የትናንቱን ሰሙ?» ብሎ ሲጀምር፣ በጸሎት መካከል የማይነቃነቁት ሰው ጆሮአቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከአዳራሹ ሲወጡ አይቻለሁ።

ማየት ስንጀምር፣ ወሳኝ ሙከራ ላይ ሲደርስ ምስሉን ያቆሙታል። «ጥሪ!» ይላሉ። ሁለታችንም በየፊናችን በወረቀት ላይ እንጽፋለን። ከዚያ ወረቀት እንለዋወጥና ክርክሩ ይጀመራል። ምስሉ ቆሞ ይቆያል። አንድ እሁድ ሃያ ሁለቱ ሰዎች ጎንበስ እንዳሉ ምሳ በላን፣ ሳህን ታጠበ፤ እነሱ እንዳጎነበሱ ነበሩ። ፊት ለፊታቸው የሚኖሩት ኤርትራዊው ጡረተኛ አቶ ብርሃኔ ገብተው አዩና፣ «አታ ዘውዱ፣ እኒህ ሰዎች በእግር የሚመቱት መቼ ነው?» አሉ። ሁልጊዜ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

አንዱን ክርክር በደንብ አስታውሳለሁ። አራተኛ ሙከራ፣ ሁለት ያርድ ቀርቷል፣ አጥቂው በአራት ነጥብ ይመራል። እኔ በመሀል መሮጥ ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ ውርወራ ብለው ጽፈዋል።

«ሁሉም ሰው መሀሉን እየጠበቀልሽ? ተከላካዮቹን ተመልከቺ፤ ዘጠኙ እዚያው ተደርድረዋል። አልጋ ይዘሽ ወደተጨናነቀ ኮሪደር ትገቢያለሽ?»

«ሁለት ያርድ እኮ ነው ጋሼ! ውርወራ ሊከሽፍ ይችላል። ሩጫ ቢያንስ ኳሱን አያስጥልም።»

«ፈሪ ጥሪ ነው። ቲቸር፣ ልጆቹን የምታስተምሪው እንዲህ ነው?»

ቲቸር ነበር የሚሉኝ፤ መምህርትነቴን የሚጠሩትም የሚቀልዱበትም በዚያው ቃል ነው። ሳምንቱን ሙሉ አሰብኩበት። ሌሎች ጨዋታዎች አይቼ በሠንጠረዥ አስቀመጥኩ። ልክ ነበሩ፤ ተሳስቼ ነበር። በሚቀጥለው እሁድ ያው ሁኔታ ሲገጥመን በልበ ሙሉነት ውርወራ ብዬ ጻፍኩ። ወረቀት ተለዋወጥን። ሩጫ ብለው ጽፈዋል።

«ሁለት ያርድ ለመሄድ ኳስ በአየር?» አሉ ከሶፋው ብድግ ብለው። «አምስቱ የፊት ሰዎችሽ ምን ሊሠሩ ነው? ቆመው ፎቶ ሊነሱ?»

«ባለፈው እሁድ እኮ እርስዎ ነዎት ውርወራ ያሉት!»

«ባለፈው እሁድ ተሳስተሻል አልኩ እንጂ እኔ ልክ ነኝ አልኩ?»

እትዬ አስቴር ከኩሽና ሆነው ሳቁ። «አትልፊ የኔ ልጅ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ ሻይ ይወድ ቡና ይወድ አላውቅም። የቀረበለትን ትቶ ያልቀረበውን ነው የሚጠይቀው።»

ምስሉ ሲለቀቅ የተሳካለት የእኔ ጥሪ ቢሆን እንኳ ደስ አይለኝም ነበር፤ የሚሉትን አውቃለሁና። «ውጤት ዳኛ አይደለም። ጥሩ ጥሪ ይከሽፋል፣ የማይረባ ጥሪ ይሳካል። እኔ የጠየቅሁሽ ለምን ጠራሽው ነው።»

ይህን ሁሉ የተማሩት አሜሪካ ነው። በወጣትነታቸው የእርሻ ምህንድስና ሊማሩ አንድ ትንሽ የኮሌጅ ከተማ ሄደው ነበር፤ ኪሳቸውን ለመደጎም በኮሌጁ ፉትቦል ቡድን የፊልም ክፍል ፕሮጀክተር ያንቀሳቅሱ ነበር። አሰልጣኞቹ «መልሰው» ሲሉ ይመልሳሉ፣ «ልቀቀው» ሲሉ ይለቃሉ። አንዱን እንቅስቃሴ ሠላሳ ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ። ስለዚህ ጋሼ ዘውዱ ጨዋታ የሚያዩት ከመጨረሻው ነው፤ ሰውየው ከወደቀበት ተነስቶ ወደኋላ ሲሮጥ። ኳስ የያዘውን ፈጽሞ አያዩትም። «እሱን ሁሉም ሰው ያየዋል። አንቺ ሌሎቹን እዪ» ይሉኛል። ሞክሬያለሁ። ዓይኔ ግን ሁልጊዜ ኳሱን ተከትሎ ይሄዳል።

በዚያ የፊልም ክፍል ውስጥ ሳሉ አንድ ንድፍ ሠርተው ነበር። ስሙን «ወዳቂው» ብለውታል። አሥራ አንዱም ወደ ቀኝ የሚሮጡ ይመስላሉ። ግራ ታክሉ በተቃራኒው ሰው የተሸነፈ መስሎ ይወድቃል። ያሸነፈው ተከላካይ በደስታ ዘሎት ወደ ኳርተርባኩ ይከንፋል፤ ሌሎቹም ይከተሉታል። ግራው ባዶ ይቀራል። አንድ ሯጭ ሹልክ ብሎ ወደዚያ ይሄዳል፣ ኳሱም በሰዎቹ ራስ ላይ ተመልሶ ይወረወርለታል፣ የወደቀው ታክል ደግሞ ተነስቶ ከፊቱ መንገድ ይከፍታል። ወረቀቱ ላይ በእርሳስ የተጻፈ አንድ ማስታወሻ አለ፤ «በቀኝ ጉልበት»። ቀኝ ጉልበት መሬት ከነካ ግራ እግር እንደተተከለ ይቀራል፤ ሰውየው በዚያው እግር ተነስቶ ወደ ግራ ይዞራል። በግራ ጉልበቱ ከወደቀ ግን መጀመሪያ መቆም፣ ከዚያ መዞር አለበት፤ ሁለት እርምጃ ይዘገያል። ሁለት እርምጃ ከዘገየ ንድፉ የለም።

ለአሰልጣኙ አሳዩት። አሰልጣኙ ለረጅም ጊዜ ተመልክቶ፣ «ዘውዱ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን እናቱ እያየችው ሆን ብሎ የሚወድቅ ታክል ከየት ላምጣልህ?» አላቸው። እዚያው ቀረ። ጋሼ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ወጡ፤ ከብዙ መዞር በኋላ ኦስሎ ገቡ፣ አልጋ መግፋት ጀመሩ። ወረቀቱ አብሯቸው ዞረ።

እያንዳንዱ እሁድ የሚያልቀው በአንድ ጥያቄ ነው። ጫማዬን እያሰርኩ በሩ ላይ ይቆሙና፣ «ወዳቂውን መቼ ትጠሪያለሽ?» ይሉኛል። አንዴ፣ በእውነተኛ ሜዳ፣ በእውነተኛ ተከላካይ ላይ ሲሠራ ማየት ነበር የሚፈልጉት። ሌላ ነገር ሲመኙ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ደግሞ እምቢ እል ነበር። የጥሪ ዝርዝሬ ሠላሳ ነው፤ ሁሉም የተፈተኑ ናቸው። «ያ ንድፍ አይደለም ጋሼ፣ ቲያትር ነው። በተከላካዩ ኩራት ላይ የቆመ ነገር ነው» እላለሁ። «እሺ፣ ኩራት የሌለው ተከላካይ አሳዪኝ» ይላሉ። ሦስት ዓመት እንዲህ ሄደ።

ባለፈው መስከረም እትዬ አስቴር ከአምልኮ በኋላ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ሐኪሞቹ ያገኙት ነገር ጥሩ አልነበረም። በሚቀጥለው ሳምንት ሆስፒታል ሊገቡ ነው። «ማንም እንዳይሰማ ብሎኛል። አንቺም አልሰማሽም» አሉኝ። የዚያ ቅዳሜ የወቅቱ የመጨረሻ ጨዋታችን ነበር። ቤቴ ገብቼ በዝርዝሬ ላይ ሠላሳ አንደኛ መስመር ጨመርኩ።

ግራ ታክላችን ሲጉርድ የምህንድስና ተማሪ ነው፤ የጥንት ግንብ የሚያህል፣ ሲናገር ግን ድምፁ የማይሰማ ልጅ። ንድፉን ሳሳየው፣ «አዎ፣ መውደቅ እችላለሁ። ቤት ውስጥ ሁልጊዜ እወድቃለሁ» አለ። ሐሙስ ዕለት ደጋግመን ተለማመድነው። ቀኝ ጉልበት፣ መነሳት፣ ወደ ግራ። አወዳደቁ የውሸት መሆኑ ከሩቅ ያስታውቅ ነበር፤ ወንበር ፈልጎ የሚቀመጥ ይመስላል።

ቅዳሜ ጋሼና እትዬ አጥሩ ጋ ቆመው ነበር። ጋሼ ወፍራም ካፖርት ለብሰዋል። በመጨረሻው ሩብ ላይ ሃያ ስምንት ለዜሮ እየመራን ነበር። የተቃራኒው ቡድን ልጆች ከመድከማቸው የተነሳ በእያንዳንዱ ሙከራ መሀል ወገባቸውን ይዘው ነበር የሚቆሙት። አሁን ነው ብዬ ጠራሁት።

ሲጉርድ ወደቀ። ባላሰብኩት ሁኔታ ነው የወደቀው፤ ከአጥሩ ውጭ ያሉ ሰዎች «ኡይ!» አሉ። ኳሱ ተመልሶ በአየር መጣ፣ ሯጩ ያዘው፣ ከፊቱ ሲጉርድ እየተደናቀፈ ሮጠ፣ ማንም አልደረሰባቸውም። ነጥብ! ወረቀቴን ወደ ላይ ወርውሬ ወደ አጥሩ ዞርኩ። እትዬ አስቴር ብቻቸውን ቆመዋል። ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው እየሄዱ ነበር።

ማታውኑ ደወልኩላቸው።

«ስንት ለስንት ነበር?» አሉኝ።

«ሃያ ስምንት ለዜሮ።»

«እና ማንን አታለልሽ? የተሸነፈ ሰው አይታለልም፤ ደክሞታል።»

«ጋሼ፣ ደስ ይልዎታል ብዬ እኮ ነው።»

«እሱን ነው የምልሽ! ጥሪ ፊትሽ ለቆመው ተከላካይ ነው እንጂ ከአጥር ውጭ ለቆመ ሽማግሌ አይደለም። አስቴር ነግራሻለች። አዘንሽልኝ።»

ስልኩን ዘጉት። ሁለት እሁድ አልተጠራሁም።

በሦስተኛው ሳምንት ራሳቸው አስጠሩኝ፤ ሆስፒታል ገብተው ነበር፣ ሠላሳ ዓመት አልጋ የገፉበት ሆስፒታል። ገና ሳልቀመጥ፣ «የሚገፋኝ ልጅ ጎበዝ ነው፤ ጥጉ ላይ ብቻ ቀድሞ ያዞራል» አሉ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ክርክራችን ገቡ። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳስብበት ከርሜ ልክ ነዎት ልላቸው ነበር የመጣሁት።

«ጥሪው ስህተት ነበር ጋሼ። በዚያ ውጤት ላይ መጠራት አልነበረበትም።»

«ለምን?» አሉ ትራሳቸው ላይ ቀና ብለው። «ያልተፈተነ ንድፍ የሚፈተነው እየመራሽ ሳለ አይደለም? ብትስቺ ምን ታጪያለሽ? እንደውም ብቸኛው ሰዓት እሱ ነበር።»

«እርስዎ እኮ ነዎት ስልኩን የዘጉብኝ!»

«ስልክ መዝጋት ክርክር ነው?»

ልስቅም ልቆጣም አማረኝ። እትዬ አስቴር ወንበራቸው ላይ ሆነው በዝግታ፣ «አላየውም እኮ» አሉ። «ምኑን?» አልኩ። «ጨዋታውን። ገና ሲሰለፉ አወቀው። ጀርባውን አዞረ።»

ጋሼን አየኋቸው። መስኮቱን እያዩ ነበር። እኔ ተቆጥተው የሄዱ ነበር የመሰለኝ። ካላዩት ግን ያስቆጣቸው ምንድን ነው? ወይስ ፈርተው ነው? ከአርባ ዓመት በላይ የተሸከሙት ነገር ዓይናቸው እያየ እንዳይከሽፍ? ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። «ፊልሙን አምጪልኝ።»

ፊልም አልነበረም። ጨዋታችንን በስልኩ የሚቀዳው ተማሪ፣ ውጤቱ አልቆለታል ብሎ በዚያ ሰዓት ቋሊማ ሊገዛ ሄዶ ነበር። ይህን ስነግራቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እሺ ንገሪኝ። ከታክሉ ጎን የሚሰለፈው ግራ ጋርድ ወዴት ሄደ?»

«አላየሁም።»

«ሁለተኛው ተከላካይ ዘወር አለ ወይስ ቀጠለ?»

«አላየሁም ጋሼ። ኳሱን ነበር የማየው።»

«እንግዲያው ወዳቂውን ራሱን አምጪው» አሉ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከሲጉርድ ጋር በቴባነ፣ በከተማው የምድር ውስጥ ባቡር፣ ወደ ሆስፒታሉ ስንሄድ፣ ልጁ ለረጅም ጊዜ ጓንቱን ሲያገላብጥ ቆየና፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ» አለኝ። ያን ቀን እንደወደቀ ለማስመሰል ጊዜ አላገኘም። ፊቱ የቆመው ልጅ ድካሙን ረስቶ በአንዴ ገፍቶ ጣለው። በእውነት ነው የወደቀው። የወደቀውም በግራ ጉልበቱ ነው። የተነሳው አፍሮ ነው፤ ወደ ግራ የሮጠውም ንድፉ ትዝ ስላለው ይሁን ሌላ ቦታ ስላልነበረው አያውቅም። ዘግይቶ ነበር፤ ግን የሚያሳድድ አልነበረም።

ነገሩን በራሴ ውስጥ በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ ሞከርኩ። ንድፉ በቀኝ ጉልበት ነው። የተከሰተው በግራ ነው። ማታለል አልነበረም፤ እውነተኛ ሽንፈት ነበር። ውጤቱ ነጥብ ነው። ታዲያ ወዳቂው ተጫውቷል ወይስ አልተጫወተም? ተማሪዎቼ መልስ ከመጽሐፉ ጀርባ ሲገለብጡ የምቆጣ ሰው ነኝ። ቢሆንም ከባቡሩ ስንወርድ፣ «ሲጉርድ፣ ከጠየቁህ በቀኝ በል» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ጋሼ ሲጉርድን ሲያዩ በኖርዌጅኛ ሰላምታ ሰጥተው፣ በዓይናቸው ከእግር እስከ ራሱ ለኩት። «ይሄን አልጋ ላይ ለማውጣት አራት ሰው ያስፈልጋል» አሉኝ በአማርኛ። ከዚያ ወረቀቱን ከትራሳቸው ሥር አወጡ፤ በመታጠፍ ብዛት መሀሉ ሳስቷል። ስለ ኳሱ አልጠየቁትም። ስለ ሯጩም፣ ስለ ነጥቡም አልጠየቁትም።

«በየትኛው ጉልበት ወደቅህ?»

ሲጉርድ አየኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«በግራ» አለ።

ጋሼ ሲጉርድን አላዩትም፤ እኔን ነበር የሚያዩት። እኔ የነገርኩትን ያወቁ መሰለኝ፤ ምናልባትም መስሎኝ ብቻ ይሆናል። የፊልም ክፍል ሰው ናቸው፤ በግራ የወደቀ ታክል ምን ማለት እንደሆነ ከእኔም ከሲጉርድም ይበልጥ ያውቃሉ። የሚቀጥለው ቃላቸው «ስለዚህ አልተሠራም» የሚል እንደሚሆን እርግጠኛ ሆኜ ጠበቅሁ።

«አስቴር፣ እርሳስ» አሉ።

እትዬ ከቦርሳቸው አወጡላቸው። ጋሼ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ፤ በወጣትነታቸው የጻፉትን «በቀኝ» የሚለውን ቃል በአንድ መስመር ሰረዙና፣ ከበላዩ «በግራ» ብለው ጻፉ።

«ስህተቱ የኔ ነበር» አሉ ለሲጉርድ በኖርዌጅኛ። «ሲነደፍ ጀምሮ በግራ መሆን ነበረበት። አንተ አስተካከልከው።»

ሲጉርድ ጆሮው ድረስ ቀላ። «አይ፣ እኔ እኮ...» ብሎ ጀመረ፤ እጃቸውን አንስተው አስቆሙት። ወረቀቱን አጥፈው ለእኔ ሰጡኝ። ልከራከራቸው ነበር። የግራ እግር፣ ሁለት እርምጃ፣ ራሳቸው ያስረዱኝ ነገር ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግጠኝነት እኔ ልክ የሆንኩበት ክርክር ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ እትዬ አስቴርም በእጃቸው ተዪው አሉኝ። በዘጠነኛው ቀን አረፉ።

ከዚያ ጀምሮ ሳወጣ ሳወርድ ቆይቻለሁ። ልጁ እንዳያፍር ብለው ነው? እኔን ከውሸቴ ሊያወጡኝ ነው? ወይስ እንደ ልማዳቸው፣ እኔ ቀኝ ስል ግራ ማለታቸው ነው? ወይም ደግሞ በእውነት የታያቸው ነገር ነበር፤ ሆን ብሎ የሚወድቅ ሰው መቼም እንደማይገኝ፣ ንድፉ የሚሠራው በእውነት በሚወድቅ ሰው ብቻ እንደሆነ። እትዬ አስቴርን ጠየቅኋቸው። «እኔን ትጠይቂያለሽ?» አሉኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ሰው ሠራሹ ሣር ላይ ያለው በረዶ ተጠርጎ የዓመቱ የመጀመሪያ የውጭ ልምምድ ተደረገ። ወረቀቱን በላስቲክ ሸፍኜ ወሰድኩት። ከሌሎቹ በፊት እኔና ሲጉርድ፣ አንድ ተከላካይና አንድ ሯጭ አስከትለን፣ በታረመው መሠረት ሞከርነው። በግራ ጉልበት። አሥራ ሁለት ጊዜ ወደቀ። አሥራ ሁለት ጊዜም ተነስቶ ዞሮ ሳይደርስ ሯጩ ተያዘ። ሁልጊዜ ሁለት እርምጃ።

በአሥራ ሁለተኛው ሲጉርድ እንደወደቀ ቀረ፤ ትንፋሹ በብርዱ ውስጥ ይጨሳል። «በቀኝ ልሞክር?» አለኝ።

ወረቀቱን አየሁት። የተሰረዘውም የተጻፈውም ቃል እኩል ይነበባል።

«በግራ» አልኩት። «አንዴ ደግመን እንሞክር።»

«ለምን?»

«አላውቅም» አልኩትና ፊሽካውን ነፋሁ።